መለኪያውን ማን ይቀምሰው?

ከውጭ አገር የመጣ አንድ ወዳጄ የወንጀል ልብ ወለድ አመጣልኝ። ታሪኩ ስኮትላንድ ውስጥ፣ ውስኪ በሚጠመቅበት አንድ መንደር የሚፈጸም ነው። የፋብሪካው ጌታ ከበርሜሎቹ መካከል ሞቶ ይገኛል። የመንደሩ ሰው ሁሉ ይጠረጠራል። ነገር የማያልፋቸው አንዲት አሮጊት ሻያቸውን ፉት እያሉ ምስጢሩን ይፈቱታል። በመጨረሻው ምዕራፍ ገዳዩ ይያዛል፣ ንጹሑ ይነጻል፣ መንደሩም ወደ መጠጡ ይመለሳል።

በአንድ ሌሊት ጨረስኩት። መጽሐፉን ስከድነው ግን ትዝ ያለኝ ስኮትላንድ አልነበረም፤ እንፍራንዝና የአክስቴ አረቄ ቤት እንጂ።

እንፍራንዝን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የተጓዘ ሁሉ ያውቃታል። አፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሠሩት የሚነገርለት የጉዛራ ግንብ ከኮረብታው ላይ ሆኖ ጣናን ቁልቁል ያያል። አክስቴ እዚያች ከተማ አረቄ እያወጣች ልጆች አሳድጋለች። ጌሾና ብቅል ትጠነስሳለች፤ የዳጉሳ ቂጣ ቆርሳ ትጨምርበታለች። ድፍድፉ ሲደርስ እንስራ ውስጥ ገልብጣ እሳት ላይ ትጥደውና አፉን ትመርገዋለች። እንፋሎቱ በመቃው አልፎ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ጠብ ጠብ ይላል። ያንኑ መልሳ ስታወጣው ዳግም ይሆናል።

ውስኪም ቢሆን ከብቅል ተነሥቶ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቴ የሚወጣ ነው። ነገር ግን በሕጉ መሠረት ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል መተኛት አለበት። የአክስቴ አረቄ 3 ቀን ከተኛ ደንበኛ ጠፋ ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ግን ከወር በላይ ተኛ።

አንድ ደንበኛዋ ጠዋት አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ማታ የጠጣው እሷ ቤት ነበር። ከዚያ በፊት ሌሎች ሁለት ቤቶች ገብቷል፤ ሰው የሚያስታውሰው ግን የመጨረሻዋን መለኪያ ነው። እስከ ቀብሩ ድረስ ማንም ትንፍሽ አላለም። ከቀብር መልስ፣ «ምን አጠጣችው?» የሚል ቃል ተሰማ። አንዱ፣ «የዱቤ ዕዳ ነበረበት» አለ። ሌላዋ፣ «እኔ ድሮም ዓይኗን አላምነውም» አለች። የጠየቃት ፖሊስ፣ የከሰሳት ዐቃቤ ሕግ አልነበረም። ስለዚህ ነፃ ነሽ የሚላት ዳኛም አልተገኘም።

የመጠጥና የመርዝ ጥርጣሬ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቤተ መንግሥት ጠጅ አሳላፊው በመዳፉ አፍስሶ ሳይቀምስ ለጌታው አያቀርብም ነበር። በ1713 ዓ.ም. የሞቱት የጎንደሩ ንጉሥ ሣልሳዊ ዳዊት በመርዝ እንደተገደሉ ይተረካል። እንግሊዛዊቷ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት ስታድል ስለ መርዝ ተምራለች፤ በመጻሕፍቷ መርዝ ስምና ምልክት አለው፣ መርማሪው ይደርስበታል። በሐሜት ውስጥ ያለ መርዝ ግን ምልክት የለውም። ምልክት የሌለውን ነገር ደግሞ በምን ያስተባብሉታል?

የሟቹ አርባ ደረሰ። አክስቴ ያንኑ የተኛውን አረቄ በጠርሙስ ይዛ እኔን አስከትላ ሄደች። ዳሱ ጸጥ አለ። በመዳፏ አፍስሳ ጠጣች። ከዚያ መለኪያ ሞልታ ለሟቹ ሚስት ዘረጋችላት። ሴትዮዋ መለኪያውን አየች፤ አክስቴን አየች። ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም፤ ለእኔ ዘመን መስሎኝ ነበር። ተቀበለችና በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው።

«እግዜር ያጥናሽ» አለቻት አክስቴ። ሌላ ቃል አልተለዋወጡም።

ደንበኞቿ አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ሁሉም ግን አልተመለሱም። ሰውዬው በምን እንደሞተ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ታሪካችን የመጨረሻ ምዕራፍ የለውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አክስቴ አንዲት መለኪያ እንኳ ሳትቀምስ አቅርባ አታውቅም። ዓመታት አልፈው ጉበቷን ሲያማት፣ ሐኪሙ አረቄ በአፏ እንዳይዞር አስጠነቀቃት። እኔም ለመንኳት።

«ልጄ፣ እኔ ካልቀመስኩት ማን ይጠጣዋል?» አለችኝ።