የእንግዶች መቃብር

ልብ ወለድ ጸሓፊ ነኝና መንፈስ ይታይበታል የሚባል ስፍራ ሁሉ ይስበኛል። አንድ ማታ ለአዲስ ድርሰቴ እንዲሆነኝ ከጽዮን ተራራ በስተ ደቡብ፣ በሄኖም ሸለቆ ወዳለው አኬልዳማ ወረድሁ። ከዐለት የተፈለፈሉት መቃብሮች አፋቸውን ከፍተዋል። ጧፍ ለኩሼ «ጨለማ፣ እርጥበት፣ ነጭ የለበሰች ሴት» ብዬ ጻፍሁ፤ እጄ ይንቀጠቀጥ እንደ ነበር አልደብቅም።

ይሁዳ በመለሰው 30 ብር የተገዛው ይህ መሬት ለእንግዶች መቃብር ነበረ። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም በኢየሩሳሌም ሆስፒታል ያረፉ ተሳላሚዎች እዚህ ይቀበሩ ነበር። አያቴም ኢየሩሳሌምን ልትሳለም እንደ ወጣች ቀርታለች፤ መቃብሯን ያየ ዘመድ የለም። ነጭ ለባሿ ሴት የእርሷን ነጠላ ተከናንባ በሐሳቤ ስትመጣብኝ የጻፍሁትን ሰረዝሁ፤ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜም ወጣሁ። ድርሰቱ እስከ ዛሬ አላለቀም።