በወሩ መጀመሪያ ከፍሎ ባለዕዳ መሆን

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የተከራየ ሰው በደንብ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ኪራይ መክፈልና መክፈልህ መመዝገቡ ለየቅል ናቸው። መክፈሉ በእኛ እጅ ነው። መመዝገቡ ግን በአከራዩ እጅ ነው፣ አሁን አሁን ደግሞ በአከራዩ ኮምፒውተር።

የምኖርበትን ሕንፃ የሚያስተዳድረው ድርጅት ከመስከረም 2018 ጀምሮ የኪራይ መመዝገቢያ ሶፍትዌር አስገብቷል። ሶፍትዌሩን አልጠላሁትም። ለእያንዳንዱ ተከራይ የራሱ ገጽ አለው። ወር ሲገባ ኪራዩን ዕዳ ብሎ ይጽፋል፣ ክፍያ ሲመጣ ይቀንሳል፣ ደረሰኝ ያትማል። ችግሩ የፈረንጆቹን ወር እንጂ የእኛን አለማወቁ ነው።

ውላችን ኪራይ ወር በገባ ከ1 እስከ 5 ይከፈላል፣ ካለፈ 2 በመቶ ቅጣት አለው ይላል። ቀኑ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። ሶፍትዌሩ ላይ ሲያስገቡት ግን መስከረምን ሴፕቴምበር፣ ጥቅምትን ኦክቶበር አደረጉት፤ ትምህርት ቤት እንዳስጠኑን። እንግዲህ ቁጠሩ። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነበር፣ ኅዳር 1 ደግሞ ኖቬምበር 10። ኅዳር በጠባ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት የከፈለ ሰው ሲስተሙ ላይ ዘጠኝ ቀን ዘግይቷል።

የባሰው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። 18 ሺህ ብር ስታስገቡ ሶፍትዌሩ አስቀድሞ ቅጣቱን፣ 360 ብሩን ያነሳል። ለኪራዩ የሚደርሰው 17,640 ብር ብቻ ስለሆነ ኪራዩ ጎደሎ ሆኖ ይቀመጣል። በሚቀጥለው ወር ሌላ 360። እንዲህ እየተባለ ከመስከረም እስከ ጥር አንድም ቀን ያላሳለፈ ተከራይ የ1,800 ብር ባለዕዳ ሆነ። ጥር አጋማሽ ላይ በየበራችን ሥር የገባው ደብዳቤ ይህንኑ ይነግረንና በመጨረሻው መስመር ላይ ካልተከፈለ ውሉ እንደሚቋረጥ ያስጠነቅቃል።

ፊት ለፊቴ የሚኖሩት ጡረታ የወጡ አስተማሪ በዚያው ቀን ሄደው ከፈሉ። «እማማ፣ ለምን ከፈሉ? ዕዳ እኮ የለብዎትም» ስላቸው፣ «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ከደላላ ጋር ቤት ፍለጋ አልዞርም» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

እኔ የአምስት ወር የባንክ ደረሰኝ ይዤ ሒሳብ ሠራተኛዋ ዘንድ ሄድኩ። «ሲስተሙ ነው ያመጣው» አለችኝ። ሲስተሙ የሚያመጣው የነገሩትን ነው። ስልኳ ላይ ሁለቱን የቀን መቁጠሪያዎች ጎን ለጎን ከፍተን ስናይ ራሷ ደነገጠች። የመክፈያ ቀኔን አስተካክላ ቅጣቱን ሰረዘች፤ ዐሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። የሒሳቤን ዝርዝር አትማ፣ ማኅተም አድርጋ እንድትሰጠኝም ጠየቅኳት። ትንሽ አቅማማች፣ ግን ሰጠችኝ።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ኪራይ በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ስለሚያዝ ብዙዎቻችን የባንኩን ስክሪንሾት ይዘን ተኝተናል። ስክሪንሾቱ ብሩ ከእኔ ወጥቶ እሳቸው ጋ መግባቱን ይናገራል። ለየትኛው ወር እንደተያዘ ግን ምንም አይልም። ስለዚህ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «ኪራይ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ «የኅዳር 2018 ኪራይ» ብላችሁ ጻፉ። እንደ እኔ ገቢያችሁ ተቆራርጦ የሚመጣና ኪራዩን ሁለት ጊዜ ከፍላችሁ የምትልኩ ደግሞ በየሦስት ወሩ የሒሳብ ዝርዝራችሁን ጠይቁ።

ድሮ ግቢ ውስጥ ስከራይ አከራዬ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነበራቸው። የወሩን ስም ጽፈው ይፈርማሉ፣ እኔንም ያስፈርሙኛል። ጳጉሜን አይቆጥሩም ነበር። ደብተሩን ሁለታችንም እናየዋለን። የአሁኑን ገጽ የምታየው ሒሳብ ሠራተኛዋ ብቻ ናት።

የእማማ 1,800 ብር እስካሁን አልተመለሰም። «ከሚቀጥለው ወር ኪራይ ላይ ይታሰባል» ተብለዋል። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቄላቸዋለሁ።