ከጌም ሲዲ የወጣው ፊልም

ፕሌይስቴሽን የሚለው ስም በብዙዎቻችን ቤት የሚነሣው በቁጣ ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲዘገይ፣ ለዳቦ የተሰጠው ብር ሲጎድል ወይም አስተማሪ ሲያስጠራን ጣታችን ወዲያው የሚያመለክተው ከጆተኒውና ከፑሉ አጠገብ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ነው። በዚህ ላይ ብዙ ስለተባለ እኛ የምንጨምረው የለንም። የዛሬው ወጋችን በጨዋታው መካከል ብቅ ስለሚለው ፊልም፣ ይህንንም ፊልም ከሲዲው አውጥቶ ስለ መቁረጥና ስለ መቀጠል ነው። «ይህ ደግሞ ለቤተሰብ ምን ይረባል?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን።

ጌም የማይጫወት ሰው ላያውቀው ይችላል እንጂ፣ ጨዋታው ሲጀመር፣ አንዱ ደረጃ አልፎ ሌላው ሲከፈት ወይም ተጫዋቹ ሲያሸንፍ አጠር ያለ ፊልም ይታያል። በዚያን ጊዜ የልጁ እጅ ያርፋል፤ እሱም እንደማንኛችንም ተመልካች ይሆናል። መራዊ ባለው ቤታችን ይህን ፊልም ከልጆቹ ይበልጥ አተኩረው ያዩት አያታቸው ናቸው። መሣሪያውን ያመጣችው ከጅዳ የተመለሰችው አክስታቸው ስትሆን፣ አብረውት ከመጡት ሲዲዎች አንዱ ተከን 3 ይባላል። ናምኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1998 ለፕሌይስቴሽን የወጣ የድብድብ ጨዋታ ነው። ድብድቡ ለእርሳቸው ምናቸውም አልነበረም፤ ታሪኩ ግን ያዛቸው። ጂን የሚባለው ወጣት እናቱን ያጣል፤ ትግል እንዲያስተምረውም ወደ አያቱ ወደ ሄይሃቺ ይሄዳል። አያትየውም ተቀብሎ ያሠለጥነዋል። በመጨረሻው ፊልም ግን የአያትየው ወታደሮች ልጁን በጥይት ይመቱታል፤ አያትየው ራሱም ሽጉጡን ያነሣበታል።

«ምን ያለ አያት ነው?» አሉ። «እስቲ ነገሩን በአማርኛ አስረዱኝ።»

ታላቁ ልጃችንና እኅቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊልሙን አውጥተው የአማርኛ ድምፅ ሊያስገቡበት ቆረጡ። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም፤ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ሥርጭቱን ከጀመረ ወዲህ ቱርኮች በአማርኛ ሲጣሉና ሲታረቁ ያላየ ልጅ የለም። እኛም እናትና አባት ተነጋግረን ፈቀድን። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቅን፤ ሥራው ከዐስር እስከ መግሪብ ባለው ጊዜ እንዲሆን፣ የሚመረጡትንም ፊልሞች አስቀድመን እንድናያቸው። በጨዋታው ውስጥ የሴቶቹ አለባበስ ለቤት የማይሆን ስላለ ሁለተኛው ቃል በከንቱ አልነበረም።

መጀመሪያ ያደረጉት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ቴሌቪዥኑን በስልክ ቀረጹት። አሮጌ ቴሌቪዥን በካሜራ ሲቀረጽ ጥቁር ጥላ ከላይ ወደ ታች እየተንከባለለ ስለሚያልፍበት የጂን ፊት አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ቀጥሎ ሲዲውን በኮምፒዩተር ከፍተው ፋይሉን እንደማንኛውም ፋይል ቀዱት። ላፕቶፑ ሲዲ ማንበቢያ ስለሌለው በከተማችን የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ ወዳጃችን በገመድ የሚገጠመውን አዋሳቸው። ከዚህ ቅጂ ሥዕሉ እንደ ምንም ወጣ፤ ድምፁ ግን እንደ ተቀደደ ከበሮ ሆነ።

ምክንያቱን ለማወቅ ልጁ ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ እኛም አብረን ተማርን። ሲዲ በጥቃቅን ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱ ክፍል 2352 ባይት ይይዛል፤ ኮምፒዩተሩ ተራ ፋይል ሲቀዳ ግን ከዚህ ውስጥ 2048ቱን ብቻ ወስዶ ቀሪውን የአድራሻና የማረሚያ ቦታ ነው ብሎ ይተወዋል። ለጽሑፍና ለፎቶ ይህ ትክክል ነው። የፕሌይስቴሽን ፊልም ግን ድምፁን የሚያስቀምጠው ማረሚያውን ትቶ ቦታውንም ጭምር በሚሞላ በሌላ ዓይነት ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ በተራ መንገድ የተቀዳ ድምፅ ጭራው የተቆረጠ ድምፅ ነው። በዚያ ላይ ሥዕሉና ድምፁ በየተራ የተሰካኩ ናቸው፤ በብዙዎቹ ፊልሞች ከስምንት ክፍል ሰባቱ ሥዕል፣ አንዱ ድምፅ ነው። እንዲህ የሆነበትም ምክንያት አለው። የመሣሪያው ዋና ማኅደር 2 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ፊልሙን አስቀድሞ ሊጭነው አይችልም፤ በሰከንድ 300 ኪሎባይት ገደማ ከሲዲው እያነበበ እዚያው ይፈታዋል እንጂ።

መፍትሔው ፋይሉን መቅዳት ትቶ ሲዲውን ከነሁለመናው፣ እያንዳንዱን ክፍል 2352 ባይት አድርጎ፣ በአንድ ትልቅ ፋይል መገልበጥ ነው። ሙሉ ሲዲ በዚህ መንገድ 780 ሜጋባይት ገደማ ይወጣዋል። ከዚያ ጄይፒኤስኤክስዴክ የተባለ ነጻ ፕሮግራም ፊልሞቹን ፈልጎ ያወጣቸዋል። በሐምሌ 2015 በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር፣ ይህች ትንሽ ፕሮግራም ከባሕር ዳር ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል የመጣችው በፍላሽ፣ በአንድ ዘመድ ኪስ፣ መንገድ በተከፈተ ቀን ነው።

እዚህ ላይ ልጆቻችሁ ይህን ሥራ ቢሞክሩ እንዳይደክሙ አንድ ነገር እናክል። በሁሉም ጌም ውስጥ የሚወጣ ፊልም የለም። ሜታል ጊር ሶሊድ በተባለው የ1998 ጌም አብዛኛውን ትርኢት መሣሪያው ራሱ እዚያው እየሣለ ነው የሚያሳየው፤ ፋይሉን ቢፈልጉት አይገኝም። እንዲህ ያለውን ማግኘት የሚቻለው ከመሣሪያው ወደ ቴሌቪዥን የሚሄደውን ምልክት በመቅረጽ ነው።

የወጣው ፊልም ትንሽ ነው፤ የዚያ ዘመን የፕሌይስቴሽን ፊልም ብዙውን ጊዜ 320 በ240 ነጥብ፣ በሰከንድም 15 ሥዕል ገደማ ነው። ሆኖም ለመቁረጥ የተመቸ ነው። እያንዳንዱ ሥዕል ለብቻው እንደ ፎቶ የታመቀ ስለሆነ በፈለጉት ቦታ ቢቆርጡት አይበላሽም። በቪሲዲ ግን አንዱ ሥዕል ባለፈው ላይ ስለሚደገፍ መሐል ላይ ሲቆረጥ ይንጠባጠባል። ልጃችን 15ቱን ሥዕል እጥፍ አድርጎ በ30 አቀናበረው፤ በ25 ቢያደርገው ኖሮ አንዳንዱ ሥዕል ሁለቴ፣ አንዳንዱ አንዴ እየታየ እንቅስቃሴው ያነክስ ነበር።

ከሁሉ የከበደው ድምፁ ነበር። ፊልም የሚተረጉሙ ድርጅቶች በተለምዶ ንግግሩ ወጥቶ ሙዚቃውና ሌላው ድምፅ ለብቻው የቀረበላቸውን ይቀበላሉ። በሲዲው ላይ ያለው ግን አንድ ወጥ ነው፤ ንግግሩን ሲያጠፉት ሙዚቃውም፣ እርምጃውም፣ ነፋሱም አብሮ ይጠፋል። ሙዚቃው በመጥፋቱ አላዘንንም። የቀረውን ግን እንደገና መሥራት ግድ ሆነ። የወታደሮቹን ጫማ በጓሮ ጠጠር ላይ ቀረጹት። ነፋሱ በብርድ ልብስ ውስጥ የተነፈሰ ትንፋሽ ነው። ሄይሃቺን የተናገረው የጎረቤታችን ልጅ ሲሆን ድምፁን ለማወፈር ማሰሮ ውስጥ አፉን አስገብቶ ነበር። ተራኪዋ አያታቸው ናቸው፤ የጽሑፉን ወረቀት ግን አንድ ቀን እንኳ አልተከተሉም። ልጅቷ ለሦስት መሥመር የሚሆን ሥዕል ስታዘጋጅ እርሳቸው የዘጠኝ መሥመር ተረት ይነግሩ ነበር። በመጨረሻ ትረካው እንዲያጥር ሳይሆን ሥዕሉ እንዲረዝም ተወሰነ።

ተኩሱ ጋ ሲደርሱ ልጆቹ ከስልካቸው የጥይት ድምፅ አዘጋጅተው ነበር። አያታቸው «ይህ አይገባም» አሉ። እኛም አልተከራከርንም። ከ2015 ወዲህ በአካባቢያችን የተኩስ ድምፅ ምን እንደሚመስል ለማንም ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የሦስት ዓመቷ ልጃችን የበር መወርወሪያ ሲወድቅ ከአልጋ ሥር ትገባለች። በእኛ ፊልም ላይ ሽጉጡ ይነሣል፣ ብልጭታው ይታያል፣ ድምፅ ግን የለም፤ ከዚያ የአያት ድምፅ «ልጁ እንግዲህ ወደቀ» ይላል። ያንን ቦታ ያየ ሁሉ ዝም ይላል።

ነገሩ በሰፈር ሲሰማ የአንዱ ፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት ፊልሙን ለዒድ በክፍያ ሊያሳየው ጠየቀ። ያቀረበው ገንዘብ ለልጁ ቀላል አልነበረም፤ ለእኛም ቢሆን በዚያ ሰሞን ቀላል አልነበረም። ልጁ «ሲዲው የራሳችን ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ አክስቱ ያመጣችው እውነተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን እውነተኛ ሲዲ ሆዱ ጥቁር ስለሆነ ይለያል። እኛ ግን ሲዲው የእኛ እንጂ ሥዕሉ የእኛ አይደለም አልነው። ስለ ቅጂና ተዛማጅ መብቶች የወጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሰው ለግል መጠቀሚያው ለሚያደርገው ቅጂ በር ሲተው፣ ለሕዝብ ማሳየትን ግን ለባለመብቱ ይጠብቃል። ሕጉ ባይኖርስ፣ የሰው ሐቅ የጃፓን ሰው ስለሆነ ይቀልላል? ልጁም «ታዲያ ቪዲዮ ቤቶቹ ስንቱን ባለመብት አስፈቅደው ነው ይህን ሁሉ ዘመን የሠሩት?» አለን። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሳችን እንዳላረካው ከፊቱ ይታወቅ ነበር፤ ፊልሙን ግን አልሸጠውም። በዒድ ዕለት ከምሳ በኋላ በቤታችን ለመጣ ሁሉ ታየ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ከነልጆቻቸው ነበሩ፤ አያትየውም ሁለቴ አስደገሙት።

ሲዲ ማንበቢያውን ያዋሰን ወዳጃችን ይህን አይቶ የተጫሩ የሠርግ ቪሲዲዎቹን ለልጁ ሰጥቶታል። የቪሲዲም ፊልም የሚቀመጠው ያንኑ በመሰለ ክፍል ውስጥ ስለሆነ የጌሙ ትምህርት እዚህም ሠርቷል፤ ከአራቱ ሠርጎች ሦስቱ ወጥተዋል። ለዚህ የሚከፈለው የራሱ ነው፤ ደብተሩንም እየገዛበት ነው።

የእኛ ፊልም ግን ገና አላለቀም። ጂን ከወደቀበት የሚነሣበት ቦታ ላይ ሲዲው ጥልቅ ጭረት ስላለው ማንበቢያው እዚያ ሲደርስ እየጮኸ ይቆማል። በጥርስ ሳሙና አሽተውታል፤ አልሆነም። አያታቸው ያንን ክፍል ያለ ሥዕል፣ በጨለማ ላይ ነው የተረኩት። ቡሬ ውስጥ አንድ ሆዱ ጥቁር ተከን 3 እንዳለ ልጃችን ሰምቷል፤ መንገዱ ደህና ሲሆን የሚያመጣለት ሹፌር እየጠበቀ ነው።