ግሪሌና የቱቲ ደለል

ካርቱም፣ ኅዳር 2008 ዓ.ም.፣ ዓርብ

ከአዲስ አበባ ስነሳ ታጥፎ ሦስት ጣት የማይሞላ ግሪል ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ ነበር። ዛሬ ወጣ። ቤታቸው ያረፍኩት እትዬ ቡና ሊሸጡ ናይል ጎዳና የሚቀመጡት ሲመሽ ስለሆነ፣ ቀኑን ለእኔ ሰጡኝ። ጠዋት ኦምዱርማን ሞረዳ ገበያ ዓሣ ገዛን፤ ቡልቲ ይሉታል፣ የእኛው ቆሮሶ ነው። ከዚያ በተንጠልጣዩ ድልድይ ቱቲ ደሴት ገባን፤ ጥቁር አባይና ነጭ አባይ የሚገናኙት እዚሁ አጠገብ ነው።

ክረምት የሞላው ውሃ ሸሽቶ ዳርቻው ላይ ደለል ተኝቷል። ከላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ሥሩ ግን ገንፎ ነው። ከሰሉ ተያይዞ ዓሣውን ሳጋድም የግሪሉ አንድ እግር ሰጠመ። አፈሩ ከጎጃም ታጥቦ የመጣ መሆኑን ሳስብ ባገር ልጅነት ልቆጣው ቃጣኝ።

በጡብ ደገፍኩት። አሁን ደግሞ ነፋስ! በዚህ ወር ከሰሜን ነው የሚነፍሰው። የግሪሉ ሳጥን እንደ ትሪ ጠፍጣፋ ስለሆነ ፍሙን የሚከልለው ነገር የለም። በነፋሱ በኩል ያለው ከሰል ነዶ አመድ ሲሆን፣ የወዲያኛው ገና ጥቁር ነው። የዓሣው ጅራት አረረ፣ ጭንቅላቱ ጥሬ ቀረ።

እትዬ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «በል ተነስ ልጄ፣ ዓሣውን ሁለቴ አትግደለው» አሉኝ። ካኑናቸውን አወጡ። ካኑን የቆርቆሮ ከሰል ማንደጃ ነው፤ የካርቱም ሻይ ሻጭ ያለሱ አትቀመጥም። ጎድጓዳ ነው፤ ፍሙ ተጠልሎ ይቀመጣል፣ አየሩ ከታች ባለው አፍ ይገባል። አፉን ከነፋሱ አዞሩትና የእኔን ፍርግርግ ነቅለው ላዩ ላይ ጣሉት። ልኩ!

ዓሣው እንደ ምንም ተበላ። እትዬ ያመጡት የበግ ሥጋ ግን ሌላ ነው። ለውዝ ዱቄትና በርበሬ ለውሰው በእንጨት ሰኩት፤ አጋሺ ይባላል፣ ከምዕራብ አፍሪካ ሃውሳዎች ጋር የገባ ምግብ ነው። የለውዙ ዱቄት ቶሎ ያራል። ስለዚህ እትዬ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ጠበቁ፤ ከዚያም እጃቸውን ከሥጋው ሳያነሱ ያገላብጡት ጀመር። ስቡ ጠብ ባለ ቁጥር ፍሙ ቸስ ይላል።

ዝንጅብል የበዛበት ቡናቸውን ጠጥተን ስንነሳ ግሪሉ አልታጠፍ አለኝ፤ ሙቀቱ አጣሞታል። ፍርግርጉን ልወስድ እጄን ስዘረጋ እትዬ ካኑኑ ላይ በሽቦ አስረውታል።