መልእክተኛው በራሪ

መቀሌ አጠገብ ያለው የአይሮፕላን ማረፊያ በአሉላ አባ ነጋ ስም ይጠራል። አባ ነጋ የራስ አሉላ እንግዳ የፈረስ ስማቸው ነው። በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ወራሪውን ጦር ድል የነሡት ፈረሰኛ በበራሪዎች ደጃፍ ስማቸው መጠራቱ የተገባ ነው። እኔ ግን ለመሥሪያ ቤት ጕዳይ ወደዚያ ስጓዝ፥ አይሮፕላኑ በአምባዎቹ ላይ ዝቅ ማለት ሲጀምር፥ ከራስ አሉላ ጋር አንድ ሌላ ሰው ትዝ ይሉኛል። እኒህ ሰው ጥቁር አሜሪካዊው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ናቸው።

ሮቢንሰን ያደጉት በሚሲሲፒ ግዛት፥ ገልፍፖርት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። በተስኪጊ ትምህርት ቤት መካኒክነት ተምረው ወደ ቺካጎ ሄዱ። በዚያ ዘመን የበረራ ትምህርት ቤት በር ለጥቁር ሰው የተዘጋ ስለ ነበረ፥ ከርቲስ ራይት በተባለው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ገብተው፥ ወለል እየጠረጉ የመምህሩን ቃል ያዳምጡ ነበር ይባላል። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ በተማሪነት ተቀበላቸው፤ የበራሪነት ፈቃድም አገኙ። የጣሊያን ወረራ በተቃረበ ጊዜ በዶክተር መላኩ በያን አማካይነት ተጠርተው በ1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም የኮሎኔልነት ማዕርግ ሰጥተው የአየር ኃይሉ አዛዥ አደረጓቸው።

አየር ኃይል ይባል እንጂ፥ ጠላት በመቶ የሚቈጠሩ የጦር አይሮፕላኖች ሲኖሩት፥ የእኛዎቹ እጅግ ጥቂትና ለውጊያ ያልተዘጋጁ ነበሩ። ስለዚህ የኮሎኔሉ ሥራ መተኰስ ሳይሆን፥ መልእክትና ሰው ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ማመላለስ ሆነ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐድዋ በቦምብ ስትደበደብ እዚያው ነበሩ፤ በዓይናቸው ያዩትንም ይዘው ወደ አዲስ አበባ በረሩ። ጥቅምት 28 ቀን መቀሌ በጠላት እጅ ወደቀች። አገሪቱ በተያዘች ጊዜ ኮሎኔሉ ወደ አሜሪካ ተመለሱ።

ሌላ ሰው ቢሆን ግዴታዬን ፈጽሜአለሁ ብሎ በዚያው በቀረ ነበር። እርሳቸው ግን ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በ1936 ዓ.ም. እንደ ገና መጥተው ወጣቶቻችንን በረራ አስተማሩ። በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ አጠገብ ትንሿ አይሮፕላናቸው ወደቀች፤ ክፉኛ ቈስለው ጥቂት ቀናት ከቈዩ በኋላ ዐረፉ። ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት፥ ያን ቀን የተነሡት ለተጐዳ ሰው ደም ለማድረስ ነበር። መቃብራቸው በጉለሌ ይገኛል።

ይህ ታሪክ ከልቤ የማይወጣበት ምክንያት አለኝ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ በመዝገብ ቤት ሥራ የጀመርሁ ሰው ነኝ። ደብዳቤ መቀበልና ደብዳቤ ማሳለፍ ምን ቁም ነገር አለው እያልሁ ያዘንሁበት ጊዜ ነበረ። በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት የመቀሌ መንገድ ከምድርም ከሰማይም ሲዘጋ፥ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እናቱ በሕይወት መኖራቸውን እንኳ ሳያውቅ ወራት አለፉ። ጠረጴዛው ላይ ሥራ ተቀምጦለት መስኮት መስኮቱን ያይ ነበር። መደበኛው በረራ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲቀጥል፥ ብዙም ሳይቈይ በሻንጣው ልብስ ሳይሆን መድኃኒት ሞልቶ ሄደ። እናቱን በሕይወት አገኛቸው፤ ከጎረቤቶቻቸው ግን ያልደረሰላቸው ነበሩ።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ መልእክት ማድረስ ትንሽ ሥራ ነው ሲባል አልቀበልም። የሚተኵስ ጀግና ስሙ በግጥምና በሐውልት ይኖራል፤ የሚያደርስ ጀግና ግን አደራውን ካስረከበ በኋላ ይረሳል። ሮቢንሰን በጦርነትም በሰላምም የሚያደርሱ ሰው ነበሩ፤ የሞቱትም በዚያው መንገድ ላይ ነው። እኛም በየመሥሪያ ቤታችን ያለን ሰዎች፥ በእጃችን ያለው ወረቀት ከማዶው የሚጠብቀው ሰው እንዳለ ብናስብ፥ ለእኒህ እንግዳ ወንድማችን ከአበባ ጕንጕን የሚበልጥ መታሰቢያ ይሆንላቸዋል።