በጣሳ የተቀመጠው የጎመን ዘር

ውድ ወላጆቻችንና የተከበራችሁ የማኅበረሰባችን ሽማግሌዎች፣ ይህን የምንጽፍላችሁ እኛ የቅርስ ክፍል ተማሪዎች ነን። ስለ አካባቢ ጥበቃ ጻፉ በተባልን ጊዜ የራሳችንን ጥፋት ልንነግራችሁ መረጥን።

የሰፈራችንን ቤተ መጻሕፍት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከውጭ በኩል ማለታችን ነው። እኛ የምንገባው ለፈተና ልናጠና ወይም በሻራቭ ቀን ከሙቀቱ ልንሸሽ ነበር። እናንተ ግን ከገበያ ስትመለሱ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ ትሉና ትሄዳላችሁ። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዷ አያቷን «ይግቡ፣ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው» ብትላቸው፣ «የዕብራይስጥ ፊደል ለማላውቀው ለእኔ እዚያ ምን አለኝ?» አሏት። የምንመልሰው አጣን።

ዐምና የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አንድ ነገር አጫወተችን። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ ሪችሞንድ በምትባል ከተማ፣ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰዎች ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ዘር ይዋሳሉ። ወስደው ይዘራሉ፤ ሲያፈራም ከምርቱ ዘር ለይተው ይመልሳሉ። ከሱቅ የሚገዛው ዘር ብዙ ጊዜ ድቅል ስለሆነ ከፍሬው ቢያስቀሩ የከርሞው እንደ እናቱ አይወጣም፤ በየዓመቱ መግዛት ግድ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ዘር ግን አፈሩንም ውሃውንም እየለመደ ይሄዳል።

ይህማ የአያቶቻችን ሥራ ነው አልን። ከፎቁ ጀርባ ባለችው ቁራጭ መሬት ጎመን፣ በሶብላ፣ ድንብላልና ጤና አዳም የሚያበቅሉ እናቶች ብዙ ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ጎመኑ አብቦ ዘር ሲይዝ እየዞርን ለመንን። የዚያች ልጅ አያትም ሰጡን። የእሳቸው ጎመን እንደ ሌላው አይደለም። በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ሲመጣ፣ እሳቸው ዘሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነው የመጡት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እየዘሩ አድሰውታል።

እኛ ምን አደረግን? ዘሩን ሳናደርቅ በፕላስቲክ ዕቃ ግጥም አድርገን ዘጋንና ቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ላይ ደረደርነው። በዕብራይስጥና በአማርኛ ስም ጻፍንበት፤ ባለ ቀለም ማስታወቂያም ለጠፍን። ማስታወቂያው በእውነት ያምር ነበር። በጋውን ሙሉ ፀሐይ ሲያገኘው ከረመ። ከዳስ በዓል በኋላ ዘራነው። ሦስት ሳምንት ጠበቅን፤ አንድም አልበቀለ። የተረፈውን ስንከፍተው ሻግቶ ነበር።

ለአያትየው ማን ይንገራቸው? ሁለት ሳምንት ያህል እርስ በርስ ስንገፋፋ ቆይተን በመጨረሻ ተሰብስበን ሄድን። አልተቆጡም። «ልጆቼ፣ ዘር እኮ ይተነፍሳል። እርጥቡን ከዘጋችሁበት ይታፈናል» አሉን። ቀጥለውም «ሁሉን የሰጠኋችሁ መስሏችሁ ነው?» ብለው ሳቁ።

በማግስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ መጻሕፍቱ ገቡ። በእጃቸው የቆየ የቡና ጣሳ ይዘዋል። በውስጡ ከቡናው ከሰል የተረፈ፣ የተነፋ አመድ አለ፤ ዘሩ ከአመዱ ጋር ተቀላቅሏል። አመዱ እርጥበቱን ይመጣል፣ ነቀዝም አያስጠጋም። ዘሩ በጥላ እንዲደርቅ፣ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ካላለ እንዳይከደን አሳዩን። በአገር ቤት የሚያስቀምጡት በቅል ነበር፤ እዚህ ቅል ስላላገኙ ጣሳ ሆነ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ስትጽፍ እኛ እናስተረጉም ነበር።

ስለ ጣሳው አንድ ነገር መናዘዝ አለብን። ጣሳና የላስቲክ ከረጢት አጥባችሁ ስታስቀምጡ ጓደኞቻችን እንዳያዩብን እናፍር ነበር። ከጥር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትላልቅ ሱፐርማርኬቶች አንዱ ከረጢት 10 አጎሮት እንዲከፈልበት በሕግ ሲወሰን ግን «አካባቢን መጠበቅ» ብለን በክፍል ተማርነው።

መምህራችን ታሪኩን ሲሰሙ ስለ ዶክተር መላኩ ወረደ ነገሩን። በ1976 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመውን የዘር ማዕከል ከመሩት ሰዎች አንዱ ናቸው። በረሃብ ጊዜ ገበሬው የዘሩን እህል ለመብላት ይገደዳል። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የአገሬው ዘር እንዳይጠፋ ከገበሬው ጋር ሆነው ይሰበስቡና መልሰው በማሳ ላይ ያባዙ ነበር፤ ለዚህም በ1989 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ከረሃቡ ዓመታት አንዱ 1984 መሆኑን ስንሰማ ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ ዓመት ብዙዎቻችሁ በእግር ወደ ሱዳን የተጓዛችሁበት ነው።

የአያትየው ጎመን በስድስተኛው ቀን በቀለ። እሳቸውም የቤተ መጻሕፍቱ ካርድ ወጣላቸው። በካርዱ የሚዋሱት የአማርኛ መጽሐፍ ሲፈልጉ ግን መደርደሪያው ላይ የተገኘው ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም። ለጊዜው ስለ ዕፀዋት የሚናገር ባለ ሥዕል የዕብራይስጥ መጽሐፍ ወስደዋል፤ ሥዕሉን እያዩ ስሙን በአማርኛ ይነግሩናል፣ እኛም ከጎኑ የምንለጥፈውን ወረቀት እንጽፋለን። አማርኛ መጻሕፍት እንዲገዙልን ማመልከቻ አስገብተናል፤ የወላጆች ፊርማ ቢጨመርበት ይረዳናል።

አሁን በየማክሰኞው ከሰዓት በኋላ እዚያ ነን። ጎመን አለ፣ በሶብላ አለ፤ የጌሾ ዘር ግን እስካሁን አላገኘንም፤ ያላችሁ ብትኖሩ አደራ። ስትመጡ ክዳን ያለው ደረቅ ጣሳ ያዙ፤ አመዱ ከእኛ ነው።