«ፓስ አውት»

በእንግሊዝኛ «ፓስ» ማለፍ ነው፤ ጣጣው የሚመጣው ከጅራቱ ነው። «ፓስ አዌይ» ሲባል መሞት፣ «ፓስ አውት» ሲባል ራስን መሳት ይሆናል። አማርኛም ይህን ጠባይ አያጣውም፦ በ«ብድግ አለ»፣ በ«ዝም አለ» ውስጥ ትርጉሙን የተሸከመችው ከ«አለ» በፊት ያለችው ቃል ናት። የእንግሊዝኛዋ ግን ከግሡ በኋላ ትመጣለችና የቸኮለ አስተርጓሚ ሳይሰማት ይቀራል። ሐኪሙ «ፓስድ አውት» ያላትን ሴት ለቤተሰቧ «አለፈች» ብሎ ከነገረ፣ ነፍሷ ሳይወጣ ይለቀስላታል፤ በአማርኛ ማለፍ የሞት የጨዋ ስሙ ነውና።

ኬንያ ላይ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። ከእንግሊዝ ጦር በተወረሰው ልማድ፣ ሥልጠናውን ጨርሶ በሰልፍ የሚመረቅ ፖሊስም «ፓስ አውት» አደረገ ይባላል። በዚያው ሰልፍ ፀሐይ መትቶት የወደቀ ምልምልም የሚነገርለት በዚሁ ቃል ነው።